አጭር አስፈሪ ፊልሜ ማንንም አላስፈራም፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ | ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁም። በስልክ የቀረጽኩትን የአራት ደቂቃ አስፈሪ ፊልም ኤዲት እያደረግኩ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ አንዲት ሴት ማታ ብቻዋን ቤት ናት። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ሲንኳኳ ትሰማለች፤ ሄዳ ስትከፍተው ባዶ ነው። ዞር ስትል ከኋላዋ የቆመ ሰው አለ። ጓደኞቼ አይተውት «ያምራል» አሉኝ፤ የደነገጠ ግን የለም። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ አስጨናቂ ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገብቶበታል፣ መጨረሻው ላይም ከባድ ጩኸት አለው። ተዋናይቷን ለአንድ ምሽት ብቻ መልሼ ማግኘት እችላለሁ። በዚያች ምሽት ምን ልቅረጽ? የቀረውንስ በኤዲቲንግ ማዳን ይቻላል?

መልስ | ድምፅ ሠሪው
እህቴ፣ መጀመሪያ ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ አጥፊና ፊልሙን እዪው። ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ የሚያስጨንቅ ሙዚቃ ጆሮ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ አይሠራም። ሌላም ጉዳት አለው፦ የዲጂታል ድምፅ ጣሪያ 0 ዴሲቤል ነው። ሙዚቃው ጣሪያው ሥር ተጠግቶ ከቆየ መጨረሻ ላይ ያለው ጩኸት ከፍ የሚልበት ቦታ አያገኝም። ጩኸት የሚያስደነግጠው ከእሱ በፊት ያለው ሲቀንስ ነው።

ዝምታ ሲባል ግን ታይምላይኑን (ኤዲት ስታደርጊ ምስልና ድምፅ የምትደረድሪበትን መስመር) ባዶ መተው አይደለም። ባዶ ከተውሽው ተመልካቹ ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። የተቀረጸበት ክፍል ሄደሽ ሁሉም ሰው ዝም ባለበት አንድ ደቂቃ የክፍሉን ድምፅ ብቻ ቅጂ፤ በሁሉም ሾት ሥር እሱን አንጥፊ። በላዩ ላይ የፍሪጅ ጉርምርምታ ጨምሪ፣ ዝቅ አድርገሽ። ተመልካቹ ትንሽ ቆይቶ መስማቱን ይረሳዋል። ከዚያ ከማንኳኳቱ ሦስት ሰከንድ ያህል ቀደም ብለሽ ጉርምርምታውን በአንዴ ቁረጪው። ምን እንደተለወጠ ሳያውቅ ልቡ ስቅል ይላል። እኔ ይህን ከማንኛውም ሳውንድ ኢፌክት አስበልጠዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሰው እስከ 20 ሄርትዝ ድረስ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል፣ የስልክ ስፒከር ግን ወፍራሙን ድምፅ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይጥለዋል። በሄድፎን ያስፈራሽ ጎርናና ድምፅ በስልክ ለሚያየው ላይኖር ይችላል። ትንሽ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት) ጨምሪበት፤ ከላይ ያሉት ድምፆች አብረው ስለሚወጡ በትንሽ ስፒከርም ይሰማል።

መልስ | ጥላና ብርሃን
ስለ ድምፁ የተባለው ልክ ነው፤ እኔ ወደ መብራቱ ልሂድ። ሁሉም ነገር የጨለመበት ክፍል አያስፈራም፣ ዓይን ያደክማል እንጂ። የሚያስፈራው የሚታይና የማይታይ ነገር ጎን ለጎን ሲሆን ነው። አንድ የጠረጴዛ መብራት ብቻ ተጠቀሚና ሴትዮዋ አጠገብ አድርጊው። የመብራት ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ፊቷ እየታየ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ በራሱ ይጨልማል። ያ ሰው የሚቆመው እዚያ ነው።

የስልኩን ኤክስፖዠር (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ቆልፊው። ካልቆለፍሽው እሷ ስትንቀሳቀስ ካሜራው ጨለማውን በራሱ ያነጣውና ምስሉ ጠጠር ጠጠር ይላል። ሲቀረጽ ትንሽ ብርሃን ይኑረው፤ የሚጨልመውን በኋላ በግሬዲንግ (በኤዲቲንግ ቀለምና ብርሃን በማስተካከል) አጨልሚው።

በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የዴቪድ ሳንድበርግ አጭር አስፈሪ ፊልም «ላይትስ አውት» ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። መብራቱ ሲጠፋ የሆነ አካል ይታያል፣ ሲበራ የለም፤ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ፍርሃቱን ተሸክሞታል። ተመልካቹ ሕጉን ከተረዳ በኋላ ማብሪያውን ባየ ቁጥር ራሱን ያስፈራል። ያንቺ ፊልም ሕግ ምንድን ነው? እሱን አስቢበት።

መልስ | ቆራጩ
ሳላየው መናገር ቢከብድም፣ እንደ ገለጻሽ ከሆነ ችግሩ ያለው ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ነው። ባዶ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ወዲያው ዞር ካለች ተመልካቹ «አሁን ይመጣል» ብሎ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። የተዘጋጀን ሰው ማስደንገጥ አይቻልም። መጀመሪያ አስተንፍሺው። በ1942 እ.ኤ.አ. በወጣው «ካት ፒፕል» በተባለው አስፈሪ ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት በጨለማ መንገድ ስትሄድ ከኋላዋ የሚከተላት የእግር ኮቴ በድንገት ይጠፋል። አውሬው መጣ ስንል፣ ከጎን ፉጨት የመሰለ ድምፅ እያሰማ ከች የሚለው አውቶቡስ ነው። እስከ ዛሬ ይህ አቆራረጥ በፕሮዲውሰሩ በቫል ሉተን ስም ይጠራል። አንቺም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ለማንኳኳቱ ምክንያት የሚሆን ነገር አስቀምጪ፦ እየተወዛወዘ ከእንጨቱ ጋር የሚጋጭ የልብስ መስቀያ። ትንፋሿን ታውጣ፣ መስቀያውን በእጇ ይዛ ታቁመው። ሾቱን አትቁረጪው። መስቀያው በእጇ እንደተያዘ ማንኳኳቱ እንደገና ይሰማ፣ አሁን ግን ከኋላዋ።

እዚህ ላይ ድምፁ ከምስሉ ይቅደም። ፊቷ ላይ እንዳለን እንስማው፤ ወዲያው ዘወር አታድርጊያት፣ ዓይኗ ብቻ ይንቀሳቀስ። ከእሷ ጎን ፍሬሙ ውስጥ ባዶ ቦታ ተዪ፤ ተመልካቹ ራሱ ያንን ባዶ ቦታ ይፈትሸዋል።

መልስ | ማታ ተመልካች
እኔ በጩኸቱ አልስማማም፤ ጭራሽ ይውጣ ባይ ነኝ። በጩኸት የደነገጠ ሰው ወዲያው ይረሳዋል። ሰውየው ዝም ብሎ ቆሞ ከታየና ፊልሙ እዚያው ካለቀ ግን አብሮት ይተኛል።

መልስ | ድምፅ ሠሪው
ለአራት ደቂቃ ፊልም ይህም ያስኬዳል። ሁለቱንም ሠርታ ታወዳድር፤ የሚቀየረው ድምፁ ብቻ ስለሆነ ወጪ የለውም።

ጥያቄ | ጀማሪዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የመስቀያው ሐሳብ በጣም ገብቶኛል። ምሽቷ አንድ ብቻ ስለሆነች ከየትኛው ልጀምር?

መልስ | ቆራጩ
ከፊቷ ጀምሪ። መስቀያውን ይዛ ሁለተኛውን ኮሽታ የምትሰማበትን ክሎዝ አፕ ደጋግመሽ ውሰጂ፤ አንዱን ረጅም፣ አንዱን ምንም ስሜት ሳታሳይ። ተዋናይቷ ሳይደክማትና ሳይመሽ እሱ ይለቅ። ቀጥሎ ከኋላዋ ያለው ጨለማ ግድግዳ፣ አንድ ጊዜ ሰው የሌለበት፣ አንድ ጊዜ ያለበት፣ ካሜራው ከቦታው ንቅንቅ ሳይል። ሁለቱን ሾቶች ኤዲት ስታደርጊ በፈለግሽበት ፍሬም ታገናኛቸዋለሽ። በሰከንድ 24 ፍሬም ከቀረጽሽ፣ የሰውየውን መታየት ሁለት ሦስት ፍሬም ማስቀደም ወይም ማዘግየት ድንጋጤውን እንዴት እንደሚለውጠው ራስሽ ታዪዋለሽ። መስቀያውን ለብቻው ለመቅረጽ ተዋናይ አያስፈልግሽም፣ በሌላ ቀን ይደረሳል።

ሲያልቅ ደግሞ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዪ፤ እነዚያ ጓደኞችሽ መጨረሻውን ስለሚያውቁ አይጠቅሙሽም። ፊልሙ ሲሄድ ስክሪኑን ትተሽ የሚያየውን ሰው ተመልከቺ፤ ፈርቶ ስልኩን ከፊቱ ያራቀበትን ወይም ሰልችቶት ዓይኑን የነቀለበትን ሰከንድ ጻፊ፣ ከታይምላይኑ ጋር አስተያዪና ዓይኑን የነቀለበትን አሳጥሪ።