የመከላከያ በጀት ሲዘገይ የሚሆነውን በቆርኪ ማስተማር፦ ቁጥሩን እንዴት ላስቀምጥ?

ጥያቄ፦ የሰበታ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። ሰበታ ውስጥ ላለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ ክበብ የ40 ደቂቃ ጨዋታ እያዘጋጀሁ ነው። ርእሱ፣ ምክር ቤት የመከላከያን በጀት በጊዜው ካላጸደቀ ምን ይበላሻል የሚል ነው። ምሳሌዬ አሜሪካ ናት፤ መዘግየቱ እዚያ የተለመደ ነውና። ተማሪዎቹ 60 ናቸው፣ በስድስት ቡድን። ያለኝ ጠመኔ፣ ፖስታና አንድ ፌስታል ቆርኪ ነው። በጀቱ ካልጸደቀ ገንዘብ ጨርሶ ይቆማል ወይስ በዓምናው መጠን ይቀጥላል? ሁለቱንም አንብቤአለሁ።

ሒሳብ ሹም (ፉሪ)

መምህር፣ ሁለቱም ልክ ነው። የአሜሪካ በጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው፤ መስከረም 21 ገደማ፣ ግሸን ማርያም ብለው ያስይዟቸው። እስከዚያ የወጪ ሕጉ ካልወጣ፣ ኮንግረስ ጊዜያዊ ማራዘሚያ ካጸደቀ ሥራው በዓምናው መጠን ይቀጥላል። ማራዘሚያም ከሌለ በጀቱ ይቋረጣል፦ ወታደሩ ሥራ ላይ ነው፣ ደመወዙ ግን ይዘገያል፤ ከሲቪል ሠራተኛው ከፊሉ ቤቱ ይቀመጣል። ጨዋታዎን በማራዘሚያው ላይ ያድርጉት፤ የሚደጋገመው እሱ ነው፣ ጉዳቱም ቶሎ አይታይም።

ቁጥሩ እንዲህ ይሁን። ለሥራ ማስኬጃ፣ ማለትም ለነዳጅ፣ ለጥገናና ለልምምድ፣ ዓምና 48 ቆርኪ ነበር፤ በወር 4። ዘንድሮ የተጠየቀው 60 ነው፤ በወር 5። ሕጉ እስኪወጣ በየወሩ 4 ብቻ ይስጧቸው። አሁን አንድ ማነቆ ይጨምሩ፦ የአንድ ዓመት ዕድሜ ካለው ገንዘብ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ከ20 በመቶ በላይ ወጪ መግባት አይፈቀድም። ከ60ው 12 መሆኑ ነው።

ሕጉ በስድስተኛው ወር መጨረሻ ከወጣ 24 ወጥቷል፣ 36 ቀርቷል፤ በወር 6 እያሉ ይዘልቃሉ። በስምንተኛው ወር መጨረሻ ከወጣ ግን 28 ይቀራል። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት 12 ሲተው፣ በመካከል ባሉት ሁለት ወራት 16 መውጣት አለበት፤ በወር 8፣ ከለመዱት እጥፍ። ቡድኑ እዚህ ላይ ሲንጫጫ ዝም ብለው ይዩት። ጥገና ያስተጓጎለ ክፍል ድንገት ገንዘብ ቢያገኝ፣ መካኒኩም መለዋወጫውም በአንድ ቀን እጥፍ አይሆንም። ያልተጠቀሙበት ቆርኪ ለአዲስ ወጪ አያገለግልም፣ ወደ ፌስታሉ ይመልሱት። (በ2018 እ.ኤ.አ. በጀቱ እጅግ በመዘግየቱ ኮንግረስ ራሱ 20ውን ወደ 25 በመቶ ከፍ አድርጎታል።)

ግዥ ክፍል (ገላን)

የፖስታውን ነገር ልጨምር። ገንዘቡ ሁሉ ዕድሜው አንድ አይደለም፤ በየፖስታው ላይ ይጻፉት፦ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ 1 ዓመት፣ ምርምር 2፣ የመሣሪያ ግዥ 3፣ የመርከብ ግንባታ 5። ከአንዱ ፖስታ ወደ ሌላው እንዳሻቸው እንዲያዛውሩ አይፍቀዱ።

በማራዘሚያ ጊዜ የግዥ ፖስታ ላይ ሁለት እገዳ አለ። አንደኛ፣ ዓምና ያልነበረ አዲስ ፕሮጀክት አይጀመርም። ሁለተኛ፣ የምርት መጠን አይጨምርም፤ ዓምና 2 መርከብ ከታዘዘ ዘንድሮ 3 ቢታቀድም 2 ነው። ተማሪ «ገንዘቡ እያለ ለምን?» ይላል። ገንዘቡ ፖስታው ውስጥ አለ፣ ፈቃዱ ነው የሌለው። ኮንግረስ ግን ለተወሰነ ፕሮጀክት በማራዘሚያው ውስጥ ልዩ ፈቃድ ማስገባት ይችላል፤ «ኮሎምቢያ» ለሚባሉት ሰርጓጅ መርከቦቹ አድርጎታል። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የልዩ ፈቃድ ወረቀት ቢሰጡ ጨዋታው ይሞቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደግሞ ይኸውና፦ በየዓመቱ የሚወጣው የመከላከያ ፈቃድ ሕግ ገንዘብ አይሰጥም። ገንዘቡ የሚመጣው በወጪ ሕጉ ነው። ዜና ላይ «የመከላከያ ሕግ ጸደቀ» ሲባል የትኛው እንደሆነ ያጣሩ።

የሰበታ መምህር

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ተማሪ «የወታደሩን ደመወዝ ብቻ ለይቶ ማጽደቅ አይቻልም?» ቢለኝስ?

ሒሳብ ሹም (ፉሪ)

ይቻላል። በ2013 እ.ኤ.አ. በጀቱ ለ16 ቀን ሲቋረጥ፣ በዋዜማው የወታደሩን ደመወዝ የሚያስቀጥል ሕግ ወጥቶ ነበር። በ2018–19ኙ የ35 ቀን መቋረጥ ደግሞ መከላከያ ቀድሞ በጀቱን ስላገኘ አልተነካም፤ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ግን በአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር ስለሆነ ደመወዝ አመለጠው። ዩኒፎርም ለባሹ ሁሉ በአንድ ፖስታ አይደለም።

ለገጣፎ

ይቅርታ፣ ነገሩ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል። ሕገ መንግሥታቸው ለምድር ጦር ማቋቋሚያና ማቆያ (የመሣሪያና የመርከብ ፖስታውን አይነካም) ከሁለት ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ገንዘብ መመደብን የከለከለው፣ ጦሩ በየጊዜው ወደ ምክር ቤት እንዲመለስ ታስቦ ነው። መመርመር ጊዜ ይወስዳል። መሥሪያ ቤቶቹም መዘግየቱን ስለለመዱት ትልልቅ ውሎችን ከመጀመሪያው ሩብ ዓመት ያርቃሉ። አንዱ ቡድን የምክር ቤት አባል ሆኖ ጥያቄ ይጠይቅ።

ግዥ ክፍል (ገላን)

መመርመሩ እሺ። ግን መልመዱ ራሱ ወጪ ነው፤ የአሥራ ሁለት ወር ግዥ በዘጠኝ ወር ሲጠቀጠቅ ሻጩ ዋጋ ይጨምራል።

ሒሳብ ሹም (ፉሪ)

ለማነጻጸሪያ የእኛንም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በአንቀጽ 55 መሠረት የፌዴራል በጀት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ በአንቀጽ 58 ደግሞ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሰኔ 30 ያበቃል። ማብቂያውና የበጀቱ መጀመሪያ በአንድ ቀን ልዩነት ነው። ኮንግረስን እንዲህ የሚያጣድፈው የሥራ ዘመን መዝጊያ የለም።

የሰበታ መምህር

ለስድስት ቡድን 360 ቆርኪ ሊያስፈልገኝ ነው፤ ፌስታሉ አይበቃም። ሽምብራ ልጨምርበት?

ግዥ ክፍል (ገላን)

ጥሬ ከሆነ ጥሩ ነው። የተቆላ እንዳይሆን ብቻ፤ ስምንተኛው ወር ሳይደርስ በጀቱ ይበላል።