«ምርቱ ይደርሳል» ያለው ማነው?

ድርና ማግ፦ ትናንት ለሽመና ማኅበራችን ሥልጠና ተሰጠን። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም። አሠልጣኙ «መጀመሪያ ደንበኛ ፈልጉ፤ ምርቱ ይደርሳል» አለን። በምን ይደርሳል? እኛ በእጃችን ነው የምንሸምነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት ኤግዚቢሽን ወስዶን የ500 ሻርፕ ትዕዛዝ ተቀበለልን። በቀኑ ያደረስነው 140 ነው። ደንበኛው ከዚያ ወዲህ ስልካችንን አላነሳም። ድርጅቱ ሪፖርቱን ጽፎ ሄደ፤ ስማችን ግን ጠፋ።

ገበያ ያስተማረው፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ሰውየው ምኑ ላይ ተሳሳተ? ደንበኛ ሳይኖር ተሠርቶ መጋዘን ውስጥ ብል የበላው ስንት ዕቃ አይቻለሁ። ክር ገዝቶ፣ መሣሪያ አድሎ የሚሄድ እርዳታ ማንንም አልጠቀመም።

ድርና ማግ፦ ደንበኛ አንፈልግ መቼ አልኩ? እኔ የያዝኩት «ይደርሳል» የምትለዋን ነው። ክሩን ማጠንጠኑ፣ ድሩን ማድራቱ ራሱ ቀናት ይፈጃል። የሚያደርሰው ማነው?

የማኅበር ጸሐፊ፦ እኔም እዚያችው ቃል ላይ ነኝ። እያንዳንዱ መንደር በራሱ ምርት ይታወቅ የሚለውን የጃፓኑን «አንድ መንደር አንድ ምርት» ሁሉም ይጠቅሳል። የኦይታ ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ሞሪሂኮ ሂራማትሱ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። እዚያው ኦይታ ውስጥ ያለችው ኦያማ የምትባል መንደር ግን ሩዙን ትታ ወደ ፍራፍሬ የዞረችው በ1961 ነው። 18 ዓመት ቀድማ ማለት ነው! አስተዳደሩም ድጎማ አላደለም፤ በሙያና በማስተዋወቅ ነው የደገፈው። መጀመሪያ የሚሠራ እጅ ነበረ።

ገበያ ያስተማረው፦ ጃፓንን አታምጡብን፣ አቅሟ ሌላ ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያንኑ ሐሳብ ወስዳ መንግሥት ራሱ ገፋበት። ምርቱን እስከ 5 ኮከብ ደረጃ እየሰጠ ገበያ አወጣው።

የማኅበር ጸሐፊ፦ ደረጃ መስጠት ሌላ፣ ማድረስ ሌላ። አሁንም አልመለስክልኝም።

እንዝርት፦ ሁላችሁም የምትሄዱበት መንገድ አልገባኝም። ነገ «ቶሎ እንዲደርስ ማሽን አስገቡ» ትባላላችሁ። ያን ቀን የአባቶቻችን ሥራ አለቀ።

ድርና ማግ፦ ወንድሜ፣ ማሽን ሁሉ ጠላት አይደለም። ሃሪስ ትዊድ የሚባለውን የስኮትላንድ ደሴቶች የሱፍ ጨርቅ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ ጨርቁ በደሴቶቹ ነዋሪዎች፣ በየቤታቸው፣ በእጅ መሸመን አለበት ይላል። ክሩን የሚፈትለው ግን እዚያው ያለ ፋብሪካ ነው። ተመርምሮ ማኅተም ካልተመታበት በዚያ ስም አይሸጥም። የትኛው ሥራ በእጅ እንደሚቀር ራሳቸው ወሰኑ፤ ስሙንም በሕግ አሰሩት። እኛም ፈትሉን ለማሽን ብንሰጥ ምን እናጣለን?

እንዝርት፦ ፈትሉን! እናቴ ፈትላ ነው ያሳደገችኝ። ፈታዮቹ ምን ይሁኑ? ሸማኔ ስለሆንሽ የሸማኔው ብቻ ታየሽ።

ድርና ማግ፦ ይሄ አባባል ከብዶኛል። ማኅበራችን ውስጥ 11 ፈታዮች አሉ፤ አብሬያቸው ነው የምውለው። ፈትል ስጠብቅ ስንት ቀን ባዶ እንደምቀመጥ ግን እነሱም ያውቃሉ።

የማኅበር ጸሐፊ፦ እባካችሁ እርስ በርስ አትያያዙ። የኔ ጥያቄ ስሙ ላይ ነው። ስም ሳናስመዘግብ ገበያ ብንወጣ፣ ፋብሪካ ጥለቱን ገልብጦ በግማሽ ዋጋ ይሸጥብናል። ለሥልጠናና ለኤግዚቢሽን የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ምናለ?

ገበያ ያስተማረው፦ የማይሸጥ ነገር ስሙን ማን ይሰርቀዋል? መጀመሪያ ይሸጥ።

እንዝርት፦ ከተሰረቀ በኋላማ ምን ዋጋ አለው?

ገበያ ያስተማረው፦ እሺ ድርና ማግ፣ አንቺ ራስሽ ተናገሪ። ምን ዓይነት እርዳታ ነው የምትፈልጊው?

ድርና ማግ፦ ትዕዛዝ ከመቀበሉ በፊት መጥቶ የሚጠይቀን። ጥራቱ ሳይወርድ በወር የምንችለው 70 ነው። 70 የሚወስድ ደንበኛ ያምጡልን። ቀብድም ይስጠን፤ ክር የምንገዛበት።

ገበያ ያስተማረው፦ በ70 ሻርፕ ትልቅ ደንበኛ አይመጣም፣ እህቴ።

ድርና ማግ፦ ትልቁንማ አየነው።