የጥንት ሮማውያንን ፈጣን የእጅ ጽሑፍ እንዴት ልማር?

ጥያቄ (የብርዕ ወዳጅ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሮማውያን ለደብዳቤና ለሒሳብ ይጠቀሙበት የነበረውን ከርሲቭ የተባለ ፈጣን የእጅ ጽሑፍ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ከሠንጠረዥ እያየሁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ቃል ስጽፍ ግን ሥዕል ይመስላል እንጂ ጽሑፍ አይመስልም። «ቢ» ብዬ የጻፍኩትን ደግሞ ያየው ሁሉ «ዲ» ነው ይለኛል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? በምንስ ልጻፍ?

ዘሪሁን ዘ አራዳ
እህቴ፣ «ቢ»ሽ ልክ ነው! በአሮጌው ከርሲቭ የ«ቢ» ሆድ በግራ በኩል ነው። መጀመሪያ ግን የትኛውን እንደምትማሪ ለዪ። አሮጌው እስከ 3ኛው መቶ ዘመን ድረስ የተሠራበት ነው፤ አዲሱ ከዚያ በኋላ የመጣና ለዛሬዎቹ ትናንሽ የላቲን ፊደሎች የሚቀርብ ነው። ሠንጠረዥሽ ሁለቱን ደባልቆ እንዳይሆን። ሌላው፣ የፊደሉን መልክ ሳይሆን የእጁን አካሄድ ተማሪ። «ኤ» (A) መሐል ላይ መስመር የላትም፣ ሁለት ጭረት ናት። በሰም ሰሌዳ ላይ ደግሞ «ኢ»ን (E) ሁለት ቀጥ ያሉ ጭረቶች አድርገው ይጽፏት ነበር፤ ሰም በብረት ሲጫር ክብ መሥራት ያስቸግራላ።

ቀለም በጥባጭ
ስለ መሣሪያው እኔ ልመልስ። በሰሜን እንግሊዝ፣ ቪንዶላንዳ በተባለ የሮማ ጦር ሠፈር፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀለም የተጻፉ ስስ የእንጨት ቅጠሎች ተገኝተዋል። ቀለሙ ካርቦን፣ የግራር ሙጫና ውሃ ነው። የእኛም ጸሐፍት ከጥላሸት ቀለም ይበጠብጣሉና ነገሩ ባዳ አይሆንብሽም። የመቃ ብርዕ ይበቃሻል፣ ጫፉን ግን ቀጭን አድርገሽ ቅረጪው። ስስ እንጨት ካገኘሽ በአሸዋ ወረቀት አለስልሺው፤ ቀለም ካበዛሽ በእንጨቱ ውስጥ ይሰራጭብሻል።

እመ ብርሃን
ከሠንጠረዥ ይልቅ እውነተኛ ደብዳቤ ገልብጪ። በ100 ዓመተ ምሕረት ገደማ ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል ሴት ወዳጇን ሱልፒሲያ ሌፒዲናን ለልደቷ የጠራችበት ደብዳቤ ከዚያው ከቪንዶላንዳ ተገኝቷል። ዋናውን ጸሐፊ ጽፎላት፣ መጨረሻ ላይ በገዛ እጇ ጨምራበታለች፦ «ስፔራቦ ቴ ሶሮር»፣ እጠብቅሻለሁ እህቴ። ሁለቱን እጅ ጎን ለጎን ስታዪ የሰለጠነ ጸሐፊና ተራ ሰው እንዴት እንደሚለያዩ ይገባሻል። እኔ ዓይኔ የተከፈተው በዚህ ነው።

የብርዕ ወዳጅ
እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ማታውን ሞከርኩት። «ሶሮር» ላይ «አር» እምቢ አለኝ፣ ከ«ኤ» ጋር ይመሳሰልብኛል።

ዘሪሁን ዘ አራዳ
መጀመሪያ ረዘም አድርገሽ ወደ ታች ሳቢ፤ ብርዑን አንሺና ከላይ ጀምረሽ ወደ ቀኝ የሚወዛወዝ ጭረት ጨምሪ። ሁሉን ፊደል ካላያያዝኩ ብለሽ አትጨነቂ፣ እነሱም ሁሉን አያያይዙም። ነገ ሃያ ጊዜ «ሶሮር» ጻፊና ፎቶውን ላኪልን።