ደብረ ብርሃን ላይ ሶላር የውሃ ማሞቂያ ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን፣ ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው፣ ቦይለሩ ካርዱን ቶሎ ይጨርሰዋል መብራት ሲጠፋ ደግሞ ልጆቹን የምናጥብበት ሙቅ ውሃ የለም። ሶላር ብናስገባ በዚህ ብርድ ይሰራል?

መልስ፦ በደንብ እንጂ! ከተማው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ቢበርድም ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ባለ ቫኪዩም ቱቦውን ግዙ፣ በሁለቱ መስታወት መሃል አየር ስለሌለ ሙቀቱ ቶሎ አያመልጥም፣ ጠፍጣፋው ግን ውሃው በቀጥታ የሚያልፍበት ከሆነ በኅዳር ውርጭ ውስጡ በረዶ ሰርቶ ሊፈነዳ ይችላል።

ሌላ መልስ፦ ልክ ነው፣ ክረምት ላይ ግን ደመና ስለሚበዛ በኤሌክትሪክም የሚያሞቀውን ምረጡ። ከጣሪያ የሚወርደውን ቧንቧም በደንብ ጠቅልሉት እባካችሁ፣ ይሄ ይረሳል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ቆርቆሮው ግን ይችለዋል?

መልስ፦ 200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው፣ የብረት ማቆሚያ አሰሩለት።