የሱሉልታ ጨፌ የእግር ጉዞ፦ በረቂቅ ዕቅዱ ላይ የተሰጡ ሐሳቦች

ከጉዞ ኮሚቴው፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ ሜዳ ለምናደርገው ጉዞ ያዘጋጀነው ረቂቅ ከመስቀል በዓል ማግሥት ወንዙን ተከትለን ሸለቆውን እንድናቋርጥ ይላል። አደይ አበባው ሳይረግፍ ለመድረስ አስበን ነውና እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን አድርሱን።

ከሱሉልታ ነዋሪ አባል፦
የኮሚቴውን ድካም እያመሰገንሁ፣ ጉዞው ወደ ኅዳር እንዲዛወር አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሜዳው በአብዛኛው መረሬ አፈር ነው። ይህ አፈር ሲርስ ስለሚያብጥ ውኃ ወደ ታች አያሳልፍም፤ ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ጎርፍም መሬቱ ጠፍጣፋ በመሆኑ ቶሎ አይፈስስምና፣ በመስከረም ከሩቅ የግጦሽ መስክ የሚመስለው ብዙው ቦታ ማጥ ነው። በተለይ ሣሩ ከሌላው ደምቆ የለመለመበትና ቄጤማ የበዛበት ስፍራ ያታልላል፤ ዱላ ሲተክሉበት ያለ ተቃውሞ ይሰምጣል፣ እግር የገባበት እንደሆነ ደግሞ ጭቃው ጫማን ያስቀራል። እረኞች ከብት የሚያሳልፉት የታወቀ ፈር ይዘው ሲሆን፣ እርሱም ከወንዙ ዳር ርቆ በተረተሩ ግርጌ የሚሄድ ነው። ስለዚህ «ወንዙን ተከትለን» የሚለው ሐረግ እንዲሰረዝ፣ መሪ የሚሆነንም የአካባቢው ሰው ተገቢው ክፍያ ታስቦለት እንዲያዝ እለምናለሁ።

ወፎችን ከሚከታተሉ አባል፦
ከላይ የቀረበውን ሐሳብ እደግፋለሁ። ረግረግ ሣር ውስጥ መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች በክረምቱ ወራት የሚፈለፍሉ በመሆናቸው፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢረግጠው ጉዳቱ ለዓይን ሳይታይ ያልፋል። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ በዚህ ሜዳ ይታያል፤ በኅዳር ደግሞ ከአውሮፓ ተሰደው የመጡት ወፎች ስለሚጨመሩ አደዩን ብናጣም አንከስርም።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
ኅዳር የአጨዳ ወር መሆኑ እንዳይዘነጋ አሳስባለሁ፤ በማሳ መካከል ማለፍ ፈጽሞ አይገባም። ጉዞው ከእንጦጦ ጫፍ ቢጀመርም መልካም ነው፤ በስተ ደቡብ የሚወርደው ውኃ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ፣ በስተ ሰሜን የሚወርደው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ የሚለያዩበትን ተረተር ሳናይ ሸለቆውን መረዳት ያዳግታል።

ከጉዞ ኮሚቴው፦
የሁላችሁም ሐሳብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። አንቀጹ እንደሚከተለው ተሻሽሏል፦ «ጉዞው በኅዳር ወር ከእንጦጦ ተረተር ተነሥቶ የከብት ፈሩን በመያዝ፣ በአነስተኛ ቡድኖች፣ በአካባቢው ነዋሪ መሪነት ይካሄዳል፤ ወደ ረግረጉ መግባትም ሆነ ማሳ ማቋረጥ የተከለከለ ነው።» ተቃውሞ ያለው አባል ካልቀረበ ይህንኑ ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን።