የጥፋተኛ ከያኒ ሥራ ምን ይደረግ? ለጋራ ረቂቃችን የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጥፋት የፈጸመ ከያኒን ሥራ በተመለከተ ማኅበራችን ለሚያወጣው ደንብ በተዘጋጀው የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ የላካችሁትን አስተያየት አንብቤዋለሁ። ግማሾቻችሁ «ሥራው ለብቻው ይታይ»፣ ግማሾቻችሁ «ሰውየውን ማክበር ስለሚሆን ይነሣ» ብላችኋል። በዚህ አያያዝ የምንስማማ አይመስለኝም፤ አራት የተለያዩ ውሳኔዎችን በአንድ ጥያቄ አጭቀናልና። ሥራውን በክምችት ማቆየት አንድ ነገር ነው። ለሕዝብ ማቅረብ፣ ለባለመብቱ መክፈል፣ በስሙ ሽልማት ወይም አዳራሽ መሰየም ደግሞ እያንዳንዳቸው ሌላ ናቸው። ረቂቁን በአራት አንቀጽ እንክፈለው።

የክምችት ክፍል፦ እስማማለሁ። የእኛ አንቀጽ ብዙ አያነጋግርም። መጽሐፍ ከመደርደሪያ፣ ስም ከካታሎግ ዝም ተብሎ ከወጣ ነገ ጥፋቱን የሚያጠናው ሰው ራሱ ማስረጃ ያጣል። እንዲህ ይጻፍ፦ «በሠሪው የግል ጥፋት ምክንያት ብቻ ማንኛውም ሥራ ከክምችት አይወገድም፤ የካታሎግ መዝገቡም አይሰረዝም።»

የዐውደ ርእይ ክፍል፦ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን ጊዜ መውሰድ አለብን። ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ጥፋቱ ምን ያህል ከባድ ነው?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት «ጥፋቱ ሥራው ውስጥ ገብቷል ወይ?» የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ቀራጺ ኤሪክ ጊል እ.ኤ.አ. በ1940 ሞተ። የገዛ ሴት ልጆቹን ይደፍር እንደነበር ከራሱ ማስታወሻ ደብተር ተገኝቶ በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ የወጣው በ1989 ነው። ይኸው ሰው ጊል ሳንስ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ነድፏል፤ ልጁንም ራቁቷን ሥሏል። ሁለቱ በአንድ ደንብ አይዳኙም። በፊደሉ ውስጥ ተበዳይ የለችም፤ በምስሉ ውስጥ ግን አለች።

ስለዚህ ተበዳዩ በሥራው ውስጥ ከታየ፣ ወይም ጥቃቱ የተፈጸመው ሥራው ሲሠራ ከሆነ፣ ያለ ማብራሪያ አይቅረብ። ተበዳዩ በሕይወት ካለ ደግሞ ፈቃዱ ሳይጠየቅ አይቅረብ። ይህን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ማንም እንዳያለዝብብኝ እለምናለሁ።

የሙዚቃ ክፍል፦ ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈውስ? ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርሎ ጄዙአልዶ እ.ኤ.አ. በ1590 ሚስቱንና ውሽማዋን አስገድሏል፤ መዝሙሮቹ ግን ዛሬም ይዘመራሉ። ሠዓሊው ካራቫጆም በ1606 ሮም ውስጥ ሰው ገድሎ ሸሽቷል።

የዐውደ ርእይ ክፍል፦ ይዘመሩ፣ ይታዩም። ከክፍያው ማንም አይጠቀም፣ ተበዳይም በሕይወት የለም፣ ታሪኩም አልተደበቀም። የዘመን ርዝመት ብቻውን ግን መመዘኛ አይሁን፤ የጊል ጉዳይ ከሞተ ከ49 ዓመት በኋላ ነው የተሰማው።

የሕግ ክፍል፦ ማብራሪያው ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። «ተወቀሰ»፣ «ክስ ተመሠረተበት»፣ «አመነ»፣ «ተፈረደበት» አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገና በተከሰሰ ሰው ላይ «ወንጀለኛ» ብለን ከጻፍን በስም ማጥፋት የምንጠየቀው እኛ ነን። በተቃራኒው የተረጋገጠውን ማለሳለስም ስሕተት ነው። «አወዛጋቢ ሕይወት የነበረው» የሚል ሐረግ ምንም አይነግርም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋን በታሂቲ ደሴት ላይ እንደ ሚስት የያዛት ልጅ ዕድሜዋ 13 ዓመት ገደማ ነበር፤ «ወጣት ሴት» ብሎ መጻፍ ዕድሜዋን መደበቅ ነው።

የማብራሪያው መግለጫ ከ60 እስከ 80 ቃል ይሁን፤ ቆሞ የሚያነብ ሰው ከዚያ በላይ አይታገሥም። ቅደም ተከተሉ፦ ምን ተፈጸመ፣ መቼ፣ በምን ተረጋገጠ፣ ከዚህ ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል። የተበዳይ ስም ያለ ፈቃዱ አይገባም።

የሙዚቃ ክፍል፦ ቦታውም ይወሰን። መውጫው በር አጠገብ ከተሰቀለ ተመልካቹ የሚያገኘው ሁሉን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ትኬት በሚሸጥበት ገጽና ከመጀመሪያው ሥራ አጠገብ ይሁን። ተመሳሳይ ጥቃት የደረሰበት ሰው ከመግባቱ በፊት የማወቅ መብት አለው፤ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ አይደለም።

የሕግ ክፍል፦ ወደ ክፍያው ልለፍ። የቅጂ መብትን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት መሠረት የቅጂ መብት ቢያንስ ከሞት በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። ስለዚህ «ሞቷል» ማለት «አይከፈልም» ማለት አይደለም፤ ወራሾች አሉ። ሮያሊቲን፣ ማለትም ሥራው በተጠቀሙበት ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈለውን ድርሻ፣ በራሳችን ፈቃድ መያዝ አንችልም፤ የውል ጥሰት ይሆናል። ደግሞ አንድ ዘፈን ላይ ግጥም ደራሲው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ተጫዋቾቹ ድርሻ አላቸው፤ ዘፈኑ ሲታገድ ያላጠፉትም ይቀጣሉ። ገንዘብን ወደ ተበዳይ ማዞር የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። በወሲባዊ ጥቃት በተፈረደበት አሜሪካዊ ዘፋኝ በአር ኬሊ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሮያሊቲው ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ለተበዳዮች ካሣ እንዲውል አዟል።

በእጃችን ያለው አዲስ ውል ነው። አዲስ ሥራ አለማዘዝ፣ በእንግድነት አለመጋበዝ እንችላለን። በአዲስ ውሎች ላይ «የማኅበሩን ክብር የሚነካ ድርጊት» የሚል ልቅ አንቀጽ ግን አታስገቡ፤ ማንንም ለማባረር ይመቻል። ድርጊቱ በዓይነቱ ይዘርዘር።

የሙዚቃ ክፍል፦ ልቅነት ምን እንደሚያመጣ ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያሰማው ስፖቲፋይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 የአርቲስቶችን ምግባር የሚመለከት ደንብ አውጥቶ የአር ኬሊን ዘፈኖች ከራሱ አጫዋች ዝርዝሮች አወጣ፤ ከመድረኩ ግን አላጠፋቸውም። መመዘኛው ግልጽ ስላልነበር «ለምን እሱ ብቻ?» ለሚለው መልስ ታጣ፤ በሦስት ሳምንት ገደማ ደንቡን ተወው።

የሽልማት ክፍል፦ አራተኛው አንቀጽ ላይ ጠንከር እንበል። ሥራን ማሳየት ክብር መስጠት ላይሆን ይችላል፤ በስም መሰየም ግን ከክብር በቀር ሌላ ትርጉም የለውም። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ወሲብ መፈጸሙን ያመነውን የፊልም ዳይሬክተር ሮማን ፖላንስኪን እ.ኤ.አ. በ2018 ከአባልነት አስወጥቶታል፤ በ2003 የሰጠውን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ግን አልነጠቀውም። አባልነትና ሽልማት በረቂቃችንም ይለያዩ። ስያሜ ደግሞ ለ10 ዓመት ይሰጥና በድምፅ ይታደስ፤ ያኔ ማንሣት ሲያስፈልግ አለማደስ ይበቃል።

በረቂቁ አባሪ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ስሟ ከሕፃናት መጻሕፍት ሽልማት የተነሣው አሜሪካዊት ደራሲ ሎራ ኢንግልስ ዋይልደር ተጠቅሳለች። ትውጣ። የተነሣው በመጻሕፍቷ ውስጥ ስለ ነባር ሕዝቦችና ስለ ጥቁሮች ባለው አገላለጽ እንጂ በግል ምግባሯ አይደለም። ያ ሌላ ጥያቄ ነው።

ሰብሳቢ፦ አውጥቻታለሁ። ስለ አወሳሰኑ ይህን ጨምሬአለሁ፦ የሚወስነው ኮሚቴ አምስት አባላት ይኑሩት፤ አንዱ ከሕግ፣ አንዱ ጥቃት የደረሰባቸውን በመርዳት ልምድ ያለው። ከከያኒው ጋር የጥቅም ወይም የዝምድና ትስስር ያለው አይቀመጥም። ውሳኔ በ21 ቀን፣ በአራት ድምፅ፣ ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ። ክስ በሂደት ላይ ከሆነ ዝግጅቱ ይዘገያል እንጂ አይሰረዝም። ነጻ ከተባለ ወይም አዲስ ማስረጃ ከመጣ ጉዳዩ እንደገና ይታያል።

የዐውደ ርእይ ክፍል፦ 21 ቀኑ ከምን ጀምሮ ይቆጠር? ካታሎግ ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ የሚሰጥ ውሳኔ ዋጋ የለውም።

ሰብሳቢ፦ ጥያቄው በጽሑፍ ከቀረበበት ቀን። ካታሎግ ለኅትመት ከመላኩ 30 ቀን በፊትም የስም ዝርዝሩ ለኮሚቴው ይድረስ። የሕግ ክፍላችን የክፍያውን አንቀጽ፣ የዐውደ ርእይ ክፍላችን ደግሞ የመግለጫውን ናሙና እስከ ዓርብ ይላኩልኝ፤ ሰኞ በየአንቀጹ ድምፅ እንሰጣለን።