ጆሮዬ ጭው ማለቱን አልተወኝም

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኝ ነው። የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ነው። ስወጣ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ሙዚቃ እሰማለሁ። የረዳቱን «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ለማሸነፍ ድምፁን እስከ ጥግ እለቀዋለሁ (ሞኝነቴ ይኸው ነው)። አሁን ማታ ስተኛ ግራ ጆሮዬ ጭው ይላል። እናቴ «ስንቴ ነገርኩሽ!» ከማለት ሌላ መፍትሔ የላትም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት አይብለጥ ይላል። እኔ ሥራ ላይ ብቻ 48 ሰዓት እሞላለሁ። ስልኬ የሙዚቃውን መጠን ያሳየኛል፤ የቢሮውን ሄድፎን ግን በምን ልለካው? የውጭ ጩኸት የሚያፍነውን ዓይነት ብገዛስ ይረዳል? ጭው ማለቱ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የጆሮ ሐኪም ጋ ከመሄዴ በፊት፣ የደረሰበት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።